በበዓለ ሃምሳ የፆመው ማሠልጠኛ

ከዘመሮ ከተማ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ደጋ ላይ የተቋቋመው የወታደር ማሠልጠኛችን ለሳይንስ የዋለው ውለታ እስከ ዛሬ ተገቢው ምስጋና አልተቸረውም። እኔ የማሠልጠኛው ጸሐፊ ነኝ። ምሳዬንም ከቤቴ ቋጥሬ ስለምመጣ ነገሩን ያለ አድልዎ ለመመስከር ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም።

አዛዣችን ሻለቃ ትዕዛዙ ወታደር የሚጠነክረው በሚጎድልበት ነገር ነው ብለው ያምናሉ። በዚህ መሠረት ሠላሳ ዘጠኙ ሠልጣኞች በቀን አንድ ጭብጥ በሶ እየበጠበጡ፣ ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን እየወጡና እየወረዱ ሁዳዴን ጨረሱ። ለፋሲካ አገሩ ሁሉ ፆሙን ሲፈታ ማሠልጠኛው ግን አልፈታም። አንድ ሠልጣኝ በበዓለ ሃምሳ መፆም ክልክል መሆኑን ቢያስታውሳቸው፣ ሻለቃው "ይሄ ፆም አይደለም፤ መርሐ ግብር ነው" ብለው የሃይማኖቱን ጥያቄ ለዘለቄታው ፈቱት።

ሌሊት ደግሞ ጥበቃ አለ። የአካባቢው ገበሬዎች "ልጆቹ ይብሉ" ብለው ሠላሳ በግ ሰጥተውናል፤ ልጆቹም በጎቹን ጅብ እንዳይበላቸው እንቅልፍ አጥተው ይጠብቃሉ። እውነቱን ለመናገር ጅብ አንድም አልበላም። ሆኖም በጎቹ በየሳምንቱ ይጎድሉ ነበር።

አንድ ጠዋት አስቻለው የሚባል ሠልጣኝ ድንጋዩን እንደተሸከመ እንቅልፍ ወሰደውና እየተራመደ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ አመራ። ጓደኛው በቀበቶው ጎትቶ ባያስቀረው ኖሮ እኔ ለእናቱ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሐኪማችን ዶክተር ጽናት ይህን ስትሰማ እየሮጠች አዛዡ ቢሮ ገባች።

"ሻለቃ፣ አንዱ ሊሞትብን ነው። ልጆቹ ይብሉ፤ ይተኙ።"

"ማስረጃ አለዎት?"

ማስረጃ ለማምጣት የሁሉንም ደም ቀዳች። ቁጥሩ ሙሉ አርባ እንዲሆን ሻለቃው የግምጃ ቤቱን ኃላፊ አሥር አለቃ ፋንታሁንን ጨመሩበት። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሲመጣ ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"ሰው ሲራብ፣ ሲደክምና እንቅልፍ ሲያጣ የጭንቀት ሆርሞኑ ይንራል፤ የወንድነት ሆርሞኑ ይወድቃል። አስቻለው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ደሙ ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ደም ነው።"

"ሁሉም ወድቀዋል?"

"ከፋንታሁን በቀር።"

ሻለቃው ከወንበራቸው ተነሡ። "ይመልከቱ እንግዲህ! አንድ ማሠልጠኛ፣ አንድ ብርድ፣ አንድ መርሐ ግብር! እሱ እንዴት ቻለ?"

"ይበላል። ይተኛል።"

"ቆራጥነት ነው፣ ዶክተር!"

በሳምንቱ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። በጎቹን የሰጡት ሽማግሌዎችም ተጋበዙ። የደንብ ልብሱ አንገቱ ላይ አልቆለፍ ያለው ፋንታሁን ሜዳሊያውን ተቀብሎ ስለ ራስን መግዛት ለአንድ ሰዓት ያህል ንግግር አደረገ። ሻለቃው ቆመው አጨበጨቡ። "ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ፋንታሁን ያደረገውን አንድም ሳያጓድል ያደርጋል። ትዕዛዝ ነው!" አሉ።

"እሺ ጌታዬ!" አሉ ሠላሳ ዘጠኙ።

ወታደር ትዕዛዝ አያሳድርም። ሰልፋቸውን እንደያዙ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደው አንኳኩ። ፋንታሁን በተደራረበ የሱፍ ባና ላይ ጋደም ብሎ ነበር።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"እርስዎ ያደረጉትን ልናደርግ ነው፣ አሥር አለቃ" አለ አስቻለው።

"ምን አደረግሁ?"

"በግ በሉ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ደማችን ነው ያለው። ይነሡ፤ ከበላን በኋላ ባናው ላይ እንተኛለን።"

ሻለቃው ትዕዛዛቸውን እንዳይሽሩ ሽማግሌዎቹ ገና ከግቢው አልወጡም፤ እንዲያውም ለማረዱ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። መርሐ ግብሩም እንዳይቋረጥ ድንጋይ የሚሸከምና ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሥራ የሌለው ፋንታሁን ብቻ ስለነበር ዕድሉ ለእሱ ደረሰው።

ከአንድ ወር በኋላ ደም እንደገና ተቀዳ። የሠላሳ ዘጠኙም ሆርሞን አገግሟል፤ አስቻለውም ወደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ተመልሷል። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ፋንታሁን ከአርባ አርባኛ ወጣ፤ በስንፍናም ተገሠጸ።

ሻለቃው ግን ጊዜ ሳያጠፉ ሪፖርቱን ያስጽፉኝ ጀመር። "በምግብና በእንቅልፍ ቅነሳ መርሐ ግብራችን የሠልጣኞች ሆርሞን በአስደናቂ ሁኔታ ጨምሯል..."

ዶክተሯ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ አነበበች። "መብላታቸውና መተኛታቸው የት ተጻፈ?"

"ጥናቱ ስለ ረሃብ ነው፣ ዶክተር። ከርዕሱ አንውጣ" አሉ ሻለቃው።

እሷ አልፈርምም አለች። እኔ በሦስት ቅጂ ተየብኩት። የበላይ አካል በጥናቱ እጅግ ተደንቆ ባለፈው ሰኞ ሰርኩላር ላከ፤ ሻለቃው ሌተና ኮሎኔል ሆኑ፤ በሁሉም ማሠልጠኛዎች ምሳ ቀረ፤ የእንቅልፍ ሰዓትም በግማሽ ተቀነሰ። ሰርኩላሩን ለተሰለፉት ሠልጣኞች ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

አስቻለው እጁን አወጣ። "እኛንም ይመለከታል?"

"እናንተንማ በተለይ" አሉ ኮሎኔሉ በፍቅር እያዩት። "ውጤት ያመጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?"