ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ

ተረቴን ልጀምር ነውና ጆሯችሁን አምጡ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው ደግሞ፣ ጉልበትህ ሥር ደብቀህ እንደምታይ ያላወቅኩብህ መሰለህ? አስቀምጠው። እሺ፣ አሁን ይሁን።

ድሮ፣ በጣም ድሮ ባልሆነ ድሮ፣ አንዲት ሸረሪት አንድን ጫካ ከዳር እስከ ዳር በድር አያያዘችው። በየአውሬው ደጅ አንድ ክር፣ በክሩ ጫፍ አንድ ሰፊ ቅጠል። ማዶ ያለው ሲጽፍ እዚህ ያለው ክር ይንቀጠቀጥና ጽሑፉ ቅጠሉ ላይ ይወጣል። ቀድሞ ጉዳይ ያለው በእግሩ ሄዶ ይናገር ነበር። አሁን ማን ይሂድ? ሁሉም ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን ያያል። ያቺ ከደመና ጋር የምታወራው ቀጭኔ እንኳን አንገቷን ደፍታ ቀረች። ቀና ብላ የምትውለው ሸረሪቷ ብቻ ናት፤ እሷም ዝንቧን እየበላች ደህና አድርጋ ወፈረች።

አውሬዎቹ ወደ ድሩ ሲገቡ የቆየ ጨዋነታቸውን ጠቅልለው ይዘውት ገቡ። ያለ ሰላምታ መጻፍ ነውር ነው። አጭር ሰላምታም ከስድብ አይሻልም። የልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የቀንድ፣ የሰኮና፣ የዘንድሮ ሣር ደኅንነት በየተራ ይጠየቃል። ጉዳዩ፣ ቦታ ከተረፈ፣ ከታች ጥግ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ደግሞ ማንም እንዳይቀየም "ግልባጭ" ተብሎ የጫካው አውሬ ሁሉ ስም ይደረደራል። የደረሰው ሁሉ ለሁሉም "አሜን" ብሎ ይመልሳል። አንድ ደብዳቤ፣ ሦስት መቶ አሜን። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

በዚህ ጫካ እመት ቆቅ የምትባል ደርባባ እናት ነበረች። ያን ዓመት ከደረቀው ወንዝ መሃል፣ አሸዋማ ጉብታ ላይ፣ ዘጠኝ እንቁላል ጣለች። ቀበሮ እዚያ ድረስ አይመጣም ብላ ነው። ጎርፉስ ብትሏት፣ አያ ጉሬዛ አለልኝ ትላለች። አያ ጉሬዛ የጫካው ዘበኛ ነው። ኮረብታው ላይ ካለው ትልቅ ዝግባ ተቀምጦ፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ አይቶ ለታችኞቹ ማስታወቅ ሥራው ነው። ድሩ ሳይመጣ "ውሃ!" ብሎ ይጮኽ ነበር፤ አንዴ ሲጮኽ ጫካው በሙሉ ከወንዙ ይወጣል። ድሩ ከመጣ በኋላ ግን መጮኽ ያልሠለጠነ ሥራ መሰለው። ጸሐፊ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የእመት ቆቅ ክር ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች፤ ሥራ ከተባለ። ጦጣና ዝንጀሮ የማን ጅራት ያምራል በሚል ተጣልተው፣ ጫካው ለሁለት ተከፍሎ ይሰዳደብ ነበር። እመት ቆቅ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ እሱን ታነባለች። ምን አገባት? ምንም። የሷ ጅራት ራሱ ከጣት አይበልጥም። ግን ማን ምን ብሎ እንደመለሰ ሳታይ እህል አይወርድላትም። ያላነበበቻቸው መቶ አርባ ደብዳቤዎች ተከምረውባታል።

የአያ ጉሬዛን ደብዳቤ ገለጥ አድርጋ አየችው። "ጉዳዩ፦ ሰላምታን ይመለከታል" ይላል። ቀጥሎ፣ "ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጅራቴም ደህና ናት" ይላል። እሷም ደህና ነን፣ ተባረክ ብላ ወደ ጅራቱ ጠብ ተመለሰች። አሜኖቹ ተከታትለው መጡ። ዝሆን አሜን አለ። ጃርት አሜን አለች። ኤሊ የአምናውን ደብዳቤ ገና አንብቦ መጨረሱ ነበርና ለእሱ አሜን አለ።

እኩለ ቀን ላይ የእመት ቆቅ እግር ቀዘቀዘ። ዝቅ ብላ ብታይ አሸዋው ረጥቧል። ሰማዩ እንደጠራ ነው፤ ቀጭን ውሃ ግን በጉብታው ግራና ቀኝ እየተሳበ ይወርዳል። ፈጥና ወደ አያ ጉሬዛ ደብዳቤ ተመለሰችና ወደ ታች ወረደች። የአጎቱን ልጅ ሠርግ አለፈች፣ የወገብ ሕመሙን አለፈች፣ በመጨረሻ ከ"ግልባጭ" በላይ ያለችው መስመር ላይ ደረሰች። "በተረፈ፣ ዛሬ ጠዋት ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ስለጣለ ጎርፉ ከሰዓት በኋላ ሳይደርስ አይቀርም፤ ሰላም ዋሉ" ትላለች።

እመት ቆቅ በርራ ራሷን ማዳን ትችላለች። እንቁላል ታቅፎ መብረር ግን የለም። በመንቁሯ ብታነሳው ይሰበራል። ዕድሜ ልኳን የተማረችውን ጨዋነት ጥላ እንዲህ ብላ ለሁሉም ጻፈች፦

"ጉዳዩ፦ ጎርፍ መጥቶብኛል። ደረቁ ወንዝ መሃል ዘጠኝ እንቁላል አለኝ። ብቻዬን ማንሳት አልችልም። አሁኑኑ ኑ። ቆቅ።"

ጫካው ክው አለ። በጎርፉ መሰላችሁ? በሰላምታው ነው እንጂ። ጃርት ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ እንደምን ዋላችሁ የሚል የለበትም። እኅታችሁ እንኳን ሳትል "ቆቅ" ብላ ብቻ ፈረመች። ከርከሮ ባለፈው መንገድ ላይ ሳላያት አልፌ ይሆናል ብሎ ላብ አጠመቀው። ዝሆን ለእንቁላሎቿ እንኳን ደስ አለሽ ሳልላት ቀርቼ ነው ብሎ አለቀሰ። ሁሉም ለሁሉም ጻፈ። እመት ቆቅ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ደረሱልኝ ብላ ብታይ፣ በእኔ ነው የተቀየመችው የሚል ጥያቄ ነው። የሚቀጥለውም፣ ከሱ የሚቀጥለውም እንደዚያው ነው። ውሃው የጉብታውን ጫፍ ነካ። አንድ ቃል ብቻ ጽፋ ላከች፦ "ኑ።"

ይህችስ ጨርሳ ከፍቷታል ተባለ። በድምፁ ትልቅነት ብቻ የሸንጎ ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው አያ ጅቦ እርቅ እንዲደረግ ወሰነ። እንደ አገሩ ልማድ የበደለ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ተበዳይ ደጅ ሄዶ ይቅርታ ይለምናል። ማን እንደበደላት ግን የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ ሁሉም ተሸከመ። ዝሆን ቋጥኝ ነቀለ። ጦጣና ዝንጀሮ ጅራታቸውን ረስተው አንድ ድንጋይ ለሁለት ያዙ። ጫካው በሙሉ እያለከለከ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ድሩ ከመጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቅጠሉን ሳያይ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።

እመት ቆቅ ክንፏን እንቁላሎቿ ላይ ዘርግታ ነበር። መሄድ ስትችል አልሄደችም። ጫካው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ስታይ፣ ሰላምታ በመተዌ ሊወግሩኝ ነው ብላ አሰበች። የጎጆዋ ደጅ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ያያልና እነሱም እዚያው ፊት ለፊቷ ተሰለፉ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እመት ቆቅ፣ ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን..."

ንግግሩን ሳይጨርስ ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሁሉም ድንጋዩን ባለበት ጥሎ ፈረጠጠ። ቋጥኙ ከሥር፣ ድንጋዩ ከላይ፣ ከጉብታው ፊት ግንብ የሚያህል ክምር ሆነ። ውሃው ክምሩን መታና ለሁለት ተከፈለ። ያኔ ጦጣ እንቁላሎቹን አየች። እሷና ዝንጀሮ እየተመላለሱ ስምንቱን አወጡ። ዘጠነኛውን አያ ጅቦ በአፉ ይዞ ወጣ፤ እመት ቆቅ ጎርፉን እንኳን የሱን አፍ ያህል አልፈራችውም ነበር። አያ ጅቦ ለሃጩ እየተንጠባጠበ ዳር ደረሰ፣ አፉን ከፈተ፣ እንቁላሉ አለ። ራሱም ተገረመ።

እዚያው ዳር ላይ ሁሉም በየተራ ይቅርታ ጠየቃት። አልተቀየምኩም፣ ጎርፍ መጣ ነው ያልኩት ብትላቸው፣ አሁንም እንደከፋት ነው ተባባሉ። አያ ጉሬዛ ከዝግባው ወርዶ እያለቀሰ መጣ።

"በጊዜው ጽፌ ነበር እኮ" አላት።

"ጽፈሃል፣ አያ ጉሬዛ። ዘጠኝ ልጆቼን ከሰላምታህ ሥር ልትቀብራቸው ነበር። እኔም የሰው ጅራት ሳነብ ልጆቼን ላስበላ ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ እመት ቆቅ ጎጆዋን ከዝግባው ሥር አደረገች። ቅጠሏን ከጎጆዋ አርቃ ሰቀለችው፤ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ሄዳ ታየዋለች፣ ትመለሳለች። የጅራቱ ጠብ በምን እንዳለቀ አላወቀችም፤ እህሉም ይወርድላት ጀመር።

ዘጠኙም ተፈለፈሉ። ትንሽ ቆይቶ ተራራው እንደገና ጠቆረ። አያ ጉሬዛ ሰላምታውን ትቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ጉዳዩ፦ ጎርፍ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ከወንዙ ውጡ። ወደ ኮረብታው ኑ። ጉሬዛ።" ላከና ቅርንጫፉን ጨብጦ ወደ ታች አየ።

ብዙም ሳይቆይ ጫካው ንቅል ብሎ ወጣ። አያ ጅቦ ከፊት፣ ዝሆን ከኋላ፣ ሁሉም ወደ ኮረብታው እየወጣ ነው። በየጫንቃው ድንጋይ አለ። ከኋላቸው ወንዙ ሞልቶ ያገሳል፤ ዞሮ ያየው አንድም የለም።

"እመት ቆቅ፣ ገባቸው?" አለ አያ ጉሬዛ።

እመት ቆቅ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር ሰበሰበች።

"አልገባቸውም። ግን ከውሃው ወጥተዋል። ዝም በልና ይቅርታቸውን ተቀበል።"