የአቶ ኤይሊፍ ጭጋግ

አቶ ኤይሊፍን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። የምንጋራው አንድ ግድግዳ፣ አንድ ሊፍትና በየጸደዩ ነዋሪው ወጥቶ ግቢውን የሚጠርግበት ቀን ነው። ይህ ሰውን ለማወቅ ይበቃ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ እንኳን ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ራሴ ሳወራም እጠራጠራለሁ። ስለ ዓይነታቸው ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። በዚህ ዓለም "አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ" የሚል ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። ጀልባውን ሲቀባ አንድ ጣሳ ቀለም ይቀረዋል፤ አጥሩን ሲያጥር አንድ እንጨት። ቤተ መንግሥት ቢሰጡት አንድ ማጠፊያ ይጎድለዋል። በሰሜኑ የበረዶ አገር፣ በሐይቅ ዳሯ ሃማር ከተማ፣ ለእኛ ሕንፃ የደረሱት አቶ ኤይሊፍ ናቸው።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። እግራቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ከመስኮት እስከ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ እስከ መስኮት ሲመላለሱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እሳቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ቆይቶ የእኔም እግር ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዝ ይጀምራል።

ያቁነጠነጣቸው ልጃቸው አዲስ ስትገዛ የተወችላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ የባቡር መንዳት ጨዋታ አለ፤ መስመሩም እሳቸው ዕድሜያቸውን የነዱበት፣ ወደ ሰሜን የሚወጣው መስመር ነው። ችግሩ ጭጋጉ ነው። ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ስላረጀ ሩቁን መሳል አይችልም፤ ከባቡሩ አፍንጫ አለፍ ያለውን ሁሉ በግራጫ ጭጋግ ይሸፍነዋል።

"በእኛ መስመር እንዲህ ያለ ጭጋግ ኖሮ አያውቅም" አሉኝ፣ መጀመሪያ ባትሪ እንዳበራላቸው የጠሩኝ ቀን። "ስቱርሞ ጣቢያ የሚታየኝ ካለፍኩት በኋላ ነው።"

"ስቱርሞ ምን አለ?"

"ምንም። አንድ ቢጫ ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ፈጣን ባቡር አይቆምበትም። ዕድሜዬን ሙሉ አለፍኩት እንጂ አንድም ቀን ቆሜበት አላውቅም።" ካቻቢቴውን በጣታቸው አሽከረከሩ። "እዚያ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብልኝ ሰው ነበር። ባትሪውን ቀና አድርገው፣ ጸሐፊው። የምታበራው ጫማዬን ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀራቸው ካርዱ ብቻ ሆነ።

ያገለገለ ካርድ ተገዝቶ በፖስታ መጣ። ወደ ኮምፒውተሩ ሣጥን ሲያስገቡት ረዝሞ አፍንጫው ከውስጠኛው ብረት ጋር ተጋጨ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰዋል። አቶ ኤይሊፍ ሣጥኑን አቅፈው፣ የብረት መጋዝ ይዘው በረንዳ ወጡ። ቀኑ እሑድ ነበር። በእኛ ሰፈር እሑድ ቀን ሚስማር የመታ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ይነፈገዋል። መጋዙ ገና ሁለቴ ሳይጮህ የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር ከታችኛው በረንዳ አንገታቸውን አወጡ።

"ኤይሊፍ፣ ዛሬ እሑድ ነው።"

"ባቡር እሑድም ይሄዳል።"

"ባቡር በረንዳ ላይ አይሄድም።"

በማግስቱ ሊፍቱ ውስጥ ስለ እሑድ ጸጥታ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ስም አልተጠቀሰም። አቶ ኤይሊፍ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። "እውነት ነው" አሉ። "እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ።"

ካርዱ ገባ። አሁን ደግሞ የሚበላው ኤሌክትሪክ አነሰው። የጸደዩ ጽዳት ቀን ሁላችንም ቅጠል ስንሰበስብ፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው የተቆራረጠ ገመድ ይዘው ከሰው ሰው ይዞሩ ነበር። "ስምንት ቀዳዳ ያለው ገመድ አለህ? እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።" ገመዱ ሲገኝ ኃይል ሰጪው አነሰ፤ ኃይል ሰጪው ሲቀየር ሣጥኑ አልዘጋ አለ። እንዴት ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው ቀጥ ብለው በጣቢያ ድምፅ ማጉያ ቃና ይመልሱልኛል፤ "መዘግየት አለ። ምክንያቱ የኃይል እጥረት ነው። ተሳፋሪዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"እኔን ሲያገባኝ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም" አሉኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዮሩን። "ቀለበቱ ጠበበኝ፤ በሳሙና አስገባው።"

በመጨረሻ ሁሉም ተገጣጠመ። ሲያበሩት ጭጋጉ ጭራሽ ብሶበት አረፈው፤ ከሀዲዱ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። አቶ ኤይሊፍ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ ኮቴ አልተሰማም፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ መጥቶልኝ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ተነሥቼ እኔው ከመስኮት እስከ ጠረጴዛ እመላለስ ጀመር። የሰው በር ማንኳኳት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ የምናገረውን ደረጃው ላይ ቆሜ ተለማመድኩት። ስገባ ግን የሰማኝ የለም። ወይዘሮ ዮሩን በአቧራ መጥረጊያ ጨርቅ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብለው ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አሉ። "የስክሪኑ ገመድ መሰኪያው ሁለት ቦታ ነው። አንተ የሰካኸው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ነው። ያ በመጋዝ ያሰደበን ካርድ ምንም ሳይሰካበት ቁጭ ብሏል።"

አቶ ኤይሊፍ ከወንበራቸው ተነሡ። ገመዱን ነቅለው ካርዱ ላይ ሰኩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ባቡሩ በተሳሳተ ሀዲድ ገብቶ ነበር" ሲሉ አስታወቁ።

እኔን ከኋላቸው የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ወይዘሮ ዮሩን ቡናማ አይብ ያለበት ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

"ደንቡን ታውቃለህ" አሉ አቶ ኤይሊፍ። "ተሳፋሪ ነጂውን አያናግርም።"

ከጣቢያ ተነሣን። ጭጋጉ የለም። ከሀዲዱ ጎን ያለው ሐይቅ እስከ ማዶ ዳርቻው ታየ፤ ጥዱ አንድ በአንድ፣ በረዶው በየቅርንጫፉ። ሊፍት ሲዘገይ ሰዓታቸውን የሚያዩት ሰው ጣቢያውን ሁሉ በሰዓቱ አለፉት። ከዚያ ገና በሩቁ አንድ ቢጫ ነገር ብቅ አለ፤ እያደገ መጣና ቤት ሆነ። አግዳሚ ወንበሩም ታየ።

ፍሬኑን ያዙ። ፈጣኑ ባቡር ስቱርሞ ላይ ቆመ። በሮቹን ከፈቱ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመዘግየቱ ቁጥር በቀይ መቁጠር ጀመረ። ጣቢያው ላይ ማንም አልነበረም፤ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች እዚያ ሰው አላስቀመጡም።

"ዘገየን እኮ" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

ወጥ ቤት ውስጥ የሳህን ድምፅ ቆመ።

"አቶ ኤይሊፍ፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?"

ዓይናቸውን ከአግዳሚ ወንበሩ አላነሡም። እግራቸውም አልተንቀሳቀሰም።

"ተሳፋሪ ነጂውን አያናግርም" አሉ።

በሮቹ አልተዘጉም። እኔም ወንበሬን ትንሽ ገፋ አድርጌ ለሚሳፈረው ሰው ቦታ ለቀቅሁ።