ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጣሊያን

ሰው ኮት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ምኑን ይመስላችኋል? ጨርቁን? ስፌቱን? ተዉት እባካችሁ! አንገትጌውን ገልብጦ እዚያች ጣት በማታክል መለያ ላይ የተጻፈውን ያያል። ማንበብ ባይችል እንኳ ፊደሉ የፈረንጅ መሆኑን ያረጋግጣል። ኮቱ ማማር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ እንዲህ አታደርጉም፣ እሺ፤ እኔ ግን አደርጋለሁ። ይህን የሰው ጠባይ አውቄ የነገድኩበትም እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ነፋስ ስልክ ነው። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ በጸሐፊነት እየሠራሁ ማታ ማታ ስለ ንግድ እማር ነበር። የማታ ተማሪን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የተማረውን ሰው ላይ ሳይሞክር እንቅልፍ አይወስደውም። ገዢ የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን ዕቃውን ሲይዝ የሚሰማውን ስሜት ነው የሚል ትምህርት ሰማሁና በማግስቱ ጎረቤቴ ጋሽ መንገሻ ዘንድ ከተፍ አልኩ።

ጋሽ መንገሻ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰፊ ስላችሁ ሱሪ ብቻ የሚያሳጥሩ እንዳይመስላችሁ። ትከሻው የተጣመመ ሰው እሳቸው የሰፉለትን ኮት ሲለብስ ቀጥ ይላል። ግን ማን ያሰፋል? ያኔ ሰዉ ሁሉ የውጭ ልብስ ፍለጋ ላይ ነው። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሱቁን ለመዝጋት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

«ጋሼ፣ ችግሩ ስፌትዎ አይደለም፤ ስምዎ ነው» አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

«መንገሻ ልብስ ስፌት» የሚለውን ሰሌዳ አስወርጄ «ሮማ ቡቲክ» የሚል አሰቀልኩ። የስፌት መኪናው ከነባለቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ ገባ። ሽያጩን ሚስታቸው እትዬ አስካለ ያዙ። ከመርካቶ በጣሊያንኛ የተጻፈባቸው መለያዎች አመጣሁ፤ ዋጋውን ሦስት እጥፍ ሰቀልኩት፤ መስኮቱ ላይም አንድ ኮት ብቻ እንዲንጠለጠል አደረግሁ። ብዙ ካየ ሰው አይቸኩልማ! ጋሽ መንገሻ ሰሌዳው ሲወርድ ቆመው አዩና «ስሜ ምን አደረገህ?» ብቻ አሉኝ።

«ገበያ ይዘጋብናል ጋሼ» አልኳቸው።

ሸጥን። እንዴት አድርገን ሸጥን! ከላፍቶ ይመጣል፣ ከለቡ ይመጣል፤ አንገትጌውን ይገለብጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ገዢ ሲገባ እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ መኪናው ጸጥ ይላል። ሰውየው በገዛ ሱቃቸው እንደ ሌባ ተደብቀው ይሰፉ ነበር። እኔ ግን በጉብዝናዬ ልቤ አብጧል፤ ይሄ አይታየኝም።

አንድ ቀን ለሠርጉ ኮት የገዛ የላፍቶ ልጅ ኮቱን ይዞ ተመለሰ። እጅጌው ረዝሞበታል። ጋሽ መንገሻ አላስቻላቸውም፤ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉና «አምጣው ልጄ፣ አሁኑኑ ላስተካክልልህ» አሉት።

ልጁ ኮቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው። «አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ይሄ እኮ የውጭ ነው፤ ያበላሹብኛል።»

ጋሽ መንገሻ እኔን አዩኝ። ሚስታቸውን አይደለም፣ እኔን። «የሰፉት ራሳቸው ናቸው» ብል ምን ነበረበት? ሰማይ አይወድቅ! እኔ ግን ገበያው ታየኝ። «እውነቱን ነው ጋሼ» አልኩና ልጁን ፒያሳ ወዳለ ሰፊ ላክሁት። ጋሽ መንገሻ መጋረጃውን ዘግተው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ሳምንት ሳይሞላው ልጁ እየበረረ መጣ። «የፒያሳው ሰፊ ገበሩን ሲፈታው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አርባ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፤ የሰፋውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር አለኝ!»

እትዬ አስካለ አቀረቀሩ። እኔ ግን ፈጠን ብዬ «ጣሊያኖች ናቸዋ!» አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። «ልጄ፣ ምን አለ ነው ያልከው? እስቲ ድገምልኝ» አሉ ጋሽ መንገሻ።

ልጁ ሽማግሌው ጆሯቸው የደከመ መሰለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጣሊያኑን እጅ እስመው ነበር አለ!» አላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።