ማስፈንጠሪያ በዕድሜ ቅደም ተከተል

ማክሰኞ፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

እኛ ሐበሾች መንገድ መጠቆም አንችልም! የምንችለው ሰው ማክበር ብቻ ነው። አይቆጡ አንባቢዬ፤ ማስረጃዬን እስከ መጨረሻው ይስሙና ከዚያ ይፍረዱ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም በአንድ ወር ያበላሸሁ ሰው ነኝ።

ከላይ በጠቀስኩት ሰዓት፣ ሱዳን ውስጥ ቡሪ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የሐበሾች ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት የዓርብ የአማርኛ ትምህርት በዓለም ላይ እንደሌለ ተረዳሁ። መርዶውን የነገረችኝ ሳሚያ ናት። እናቷ የእኛ አገር ሰው፣ አባቷ የኦምዱርማን ተወላጅ፣ ሥራዋ የማኅበራችንን ድረ ገጽ መሥራት፣ አማርኛዋ ደግሞ ዐረብኛን ተመርኩዞ የሚራመድ ነው።

«ኡስታዝ፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው የትምህርት ገጽህ የቲም ነው» አለችኝ።

«ገጽዎ!» ብዬ አረምኳት።

«ገጽዎ የቲም ነው።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ እንዴት ወላጅ አልባ ይሆናል?»

«ከሌላ ገጽ ወደ እሱ የሚያመጣ ሊንክ የለማ! ዋላ ዋሕድ፣ አንድም! ማንም ካልጠቆመው የኢንተርኔት መፈለጊያው ከየት ያገኘዋል?»

ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ታምራት፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሥር ተማሪ ካልተመዘገበ የማስተምርበት ክፍል የእድሩ ወንበር ማከማቻ እንደሚሆን አስታውቆኛል። ያሉኝ ተማሪዎች አራት ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ እናታቸው በር ድረስ አድርሳ የምትቆልፍባቸው ወንድማማቾች ናቸው። ወንበሮቹ መቶ ሃያ ናቸው። በቁጥርም፣ በጸጥታም፣ በሰዓት አክባሪነትም ተማሪዎቼን ይበልጣሉ።

«መድኃኒቱስ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ሃፍላ ስትይዝ... ስትይዙ፣ ኩምሳሪው ምን ብሎ ይጮኻል?»

«ሶባ! ሶባ! ሶባ!»

«"እዚህ! እዚህ! እዚህ!" ይላል?»

«እንዲህ የሚል የአውቶቡስ ረዳት ካለ መታከም አለበት።»

«ኻላስ! ሊንክም እንደ ኩምሳሪው ነው። የሚሄድበትን ይናገራል። ደግሞ ሶባ የሚሄደውን ሰው ቡሪ አይወስደውም። ሰው ብዙ ከሚያነበው ገጽ ላይ፣ ዝምድና ካለው ቦታ ብቻ፣ ወደ ያንተ... ወደ እርስዎ ገጽ ሊንክ ታደርጋለህ።»

ይህን ብላ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ለሦስት ሳምንት ሥራ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደች። ስሕተቷ ይኸው ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፌ መቶ አርባ የግርጌ ማስታወሻ የደረደርኩ ሰው ነኝ። እርሷ ሊንክ፣ ሊቃውንቱ ማስፈንጠሪያ የሚሉት ነገር፣ ለእኔ እግር ያወጣ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ምን ያቅተኛል?

የማኅበራችን አባላት ድረ ገጹ ላይ የየራሳቸው ገጽ አላቸው፤ ከእነርሱ በብዛት የሚነበበው የሲስተር ዘውዴ ነው። ሲስተር ዘውዴ ነርስ ናት፤ ሶባ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ምን መያዝና ምን መጠየቅ እንዳለበት በአማርኛና በዐረብኛ ጽፋለች። ከዚያ ገጽ ወደ ትምህርቴ አንድ ማስፈንጠሪያ ሰካሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። አቶ ታምራት ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ብቻ? የእኔ ድንኳን ምን በደለ?»

እውነት ነው፤ የእድሩን ድንኳንና የለቅሶ ወንበር የሚያከራየው እርሱ ነው። የእርሱን ጨመርኩ። ወዲያው ልብስ ሰፊዋ ደወለች። ከዚያ የሠርግ ዘፋኙ። አንባቢዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር? ነገ በለቅሶም በሠርግም ዐይን ለዐይን ለሚተያዩት ሰው «ከገጹ ጋር ዝምድና የለህም» ይሉታል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ! ስለዚህ ፍትሐዊ መርሕ አወጣሁ፦ እያንዳንዱ ገጽ ወደ ሌሎቹ ገጾች ሁሉ ይጠቁማል፤ በየርእሱ ሥር አንድ አንድ ይሰካል፤ ቅደም ተከተሉም በባለ ገጾቹ ዕድሜ ይሆናል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አበው። ገጾቹ አርባ ናቸውና፣ እኔ አርባ ዛፍ ላይ ወጣሁ።

ይህም ሆኖ ቅሬታ አልጠፋም። ወይዘሮ አጸደን ከላይ ባስቀምጣት፣ ዕድሜዬን በአደባባይ አወጣህብኝ ብላ አኮረፈችኝ።

ዋናው መዓት የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የሐሞት ጠጠር ሊወጣለት ሶባ የተኛው አቶ በላቸው ከአልጋው ላይ ደወለ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«የምኑን?»

«ነገ ጠዋት ሊቀዱኝ ነው። የዘውዴን ገጽ ሳነብ "ከቀዶ ሕክምና በኋላ" የሚል አየሁ። ከሥሩ ያለውን ስነካው...»

«እ...?»

«ድንኳን መጣብኝ! መቶ ሃያ የለቅሶ ወንበር! ታምራት ምን ሰምቷል?»

«ተረጋጋ፤ በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። ታምራት አምስተኛ ስለሆነ...»

«ስድስተኛው ማን ነው?»

ስድስተኛው የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ነበር።

አቶ በላቸው ያን ዕለት ከነሐሞት ጠጠሩ በሃፍላ ተሳፍሮ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሲስተር ዘውዴ ራሷ ቡሪ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ገጼን ከለቅሶ ቤት ያላቅቁልኝ! በሽተኛ እያስኮበለሉብኝ ነው!»

«የእኔን ማስፈንጠሪያም ላንሳው?» አልኳት አንገቴን ደፍቼ።

«የእርስዎስ ይቆይ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጐልማሳ እናቱን ይዞ መጣ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። እናቱ "ጎኔን ወጋኝ" ስትል፣ ልጁ ለሐኪሙ "ሰው በጩቤ ወጋት" ብሎ ተረጐመለት። ሐኪሙ ቁስል ሲፈልግ፣ እኔ ፖሊስ እንዳይጠሩ ስማጸን፣ እናትየው የሳንባ ምች ይዟት ታቃስታለች። ለዚህ ሰው አማርኛ ምኑ ነው? መድኃኒቱ አይደለም?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ቋንቋ ክብር ንግግር ሳደርግ፣ ይህ አንድ ቀን እንኳ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ሳሚያ ተመልሳ ገጾቹን ስታይ «ያ ሰላም!» ብላ እጇን በጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አርባውንም ዛፍ ቆረጠች። በሲስተር ዘውዴ ገጽ ላይ አንድ ብቻ ተወች፤ ቃሉንም በሁለቱ ቋንቋዎች እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፦ «እናትዎ ሕመሟን በአማርኛ ስትናገር ለሐኪሙ ማስረዳት እንዲችሉ፣ የዓርብ የአማርኛ ትምህርት፣ ቡሪ።» ሶባ፣ ሶባ፣ ሶባ! እንደ ማለት ነው።

ሕፃናት ስጠብቅ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ጢሙ የሸበተ የሪክሻ፣ ማለትም የባጃጅ፣ ነጂ ገባ። ቀጥሎ አንዲት የባንክ ሠራተኛ። በወሩ መጨረሻ አዲሶቹ አምስት ደረሱ፤ ሁሉም የእናታቸውን የሐኪም ካርድ የያዙ ጐልማሶች። እኔም ዕድሜ ልኬን የጀመርኩበትን «አበበ በሶ በላ»ን ተውኩት፤ በሶ የበላ አበበ ሐኪም ዘንድ ምን ያደርጋል? በመውጋት፣ በማቃጠል፣ በመቁረጥና በመጠዝጠዝ ጀመርን። እንዲህ በደስታ ስለ ስቃይ የተጠና ክፍል አይቼ አላውቅም።

አራትና አምስት ዘጠኝ ነው። በታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን ሳሚያ መዝገቡን ሳበችና ስሟን ጻፈች።

«አንቺ ደግሞ ለምን?»

«እማዬ በስልክ ከእህቷ ጋር ስለ እኔ የምታወራው እንዲገባኝ፣ ኡስታዝ። እርስዎ ደግሞ "አንተ" እንዳልልዎት።»

አቶ ታምራት ግን የማኅበሩ ሠራተኛ እንደ ተማሪ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ጥያቄ አንሥቶ ጉዳዩን ለኮሚቴ መርቶታል። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም፤ መቶ ሃያው ወንበር ከክፍሌ ደጃፍ ኮሪደር ላይ ተደርድሮ ውሳኔ ይጠብቃል። አቶ በላቸው በሲስተር ዘውዴ ልመና ወደ ሶባ ተመልሶ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጥቷል። ሰላም ግን አይለኝም።