የማጠቢያ ክፍላችን ደንብና የቢሮው ሸሚዝ

እናንተዬ፣ ሰው የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሲያደራጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በስልክ ነው። አንዲት ሴትዮ ነጩን ለብቻ፣ ባለቀለሙን ለብቻ፣ ጥንቃቄ የሚፈልገውን ለብቻ በቅርጫት አድርጋ፣ በየቅርጫቱ ላይ ስም ጽፋ፣ መደርደሪያዋ ፊት ቆማ ፈገግ ትላለች። ማሽኑ ከኋላዋ ይሽከረከራል። ሦስት ጊዜ ደግሜ አየኋት። ሥርዓት ያለው ኑሮ ማለት ይሄ ነው አልኩ።

እኛ የምንኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አራት ወንዶች ነን፤ ሁላችንም ከጎንደር ቆላ የመጣን፣ ሰሊጥ ሲደርስ አጫጅ፣ ሳይደርስ የተገኘውን ሠሪ። አከራያችን ሐጃ ሱዓድ ይባላሉ። ግቢያቸው ጥግ ላይ ድሮ ፍየል ያስሩባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ከካርቱም የሸሸው ሰው ከተማውን ሞልቶት፣ ለሰው መኝታ በጠፋበት ሰዓት፣ ያቺን ክፍል ለልብስ ይስጡኝ ብዬ ሄድኩ። ሐጃ ትንሽ አዩኝ። ለልብስ? አሉ። ለልብስ አልኩ። ጤንነቴን ጠይቀው ሰጡኝ።

መለየት ጀመርኩ። ነጭ፦ አንድ ሸሚዝ። ባለቀለም፦ የቀረው ሁሉ፤ ቀለሙም አንድ ነው፣ የገዳሪፍ አፈር። ጥንቃቄ የሚፈልግ፦ ይሄም የቀረው ሁሉ ነው፤ ጠበቅ አድርገው ካሹት እጅ ላይ ይቀራል። ማሽን የለንም። ቧንቧም የለንም። ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል። ሲመጣ መጀመሪያ ሸሚዙ ይታጠብበታል፣ ቀጥሎ ሌላው ልብስ፣ ቀጥሎ እግራችን፣ በመጨረሻ ግቢው ይረጭበታል። ያቺ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ታውቃለች? አይመስለኝም።

ስለ ሸሚዙ ልንገራችሁ። ሸሚዙ የታደሰ ነው። ታደሰ ግዙፍ ሰው ነው፤ መተማ ላይ ሲገዛው ደግሞ ከዛሬው የበለጠ ሥጋ ነበረው። ስለዚህ ለእኛ ለሦስታችን ሸሚዝ ሳይሆን ድንኳን ነው። ቢሆንም ለቢሮ የሚሆን ሌላ ስለሌለን፣ ጉዳይ ያለበት ሰው በተራው ይለብሰዋል። ትርፉን ጨርቅ ከጀርባ ሰብስበን በልብስ መቆንጠጫ እንይዘዋለን። ከፊት ስትታዩ በልካችሁ የተሰፋ ነው። ከኋላ ጃርት ትመስላላችሁ። ቢሮ ደግሞ ሰውን የሚያየው ከፊት ነው። ታደሰ፣ እኔና ሙላት የሚባለው ጓደኛችን የስደተኛ መታወቂያችንን ያወጣነው፣ በዚሁ ሸሚዝ ተራ በተራ ፎቶ ተነስተን ነው።

የቀረው ደሴ ነበር። ከመካከላችን ቀጭኑም አጭሩም እሱ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው እዚህ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ? የፖሊስ መኪና በሰማ ቁጥር ከአጥር ጀርባ ነው። አፈሳውን እዚህ «ከሻ» ይሉታል። ደሴ ሁለት ጊዜ ታፍሶ ተለቋል፤ ሦስተኛ ከተያዝክ ድንበር ወስደን ነው የምንጥልህ ተብሏል። በስንት ደጅ ጥናት ቀጠሮ አገኘ። እሁድ ጠዋት፣ ሾዋክ ከተማ ካለው የስደተኞች ቢሮ። እዚህ አገር እሁድ ሥራ ነው።

እኔ ደግሞ ክፍሉን ካደራጀሁ ገና ሳምንቴ ነበር። ሚስማር ተመትቷል፤ በየሚስማሩ ስም ተጽፏል። ደንብ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንቀጽ አንድ፦ መቆንጠጫ ከክፍሉ አይወጣም። ሦስቱ ጠፍተውብኝ ስለነበር ነው። እሁድ ንጋት ላይ ደሴ ሸሚዙን ለብሶ መጣና ጀርባውን ሰጠኝ። ቆንጥጥልኝ ማለቱ ነው። እኔ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩት።

«አያ፣ ምነው? ዛሬ እኮ ቀጠሮዬ ነው!»

«ለዛሬ ብለን ከጣስነው ለምን ጻፍነው?» አልኩት።

«የጻፍከው አንተ! ማን ጻፍ አለህ?»

ታደሰ ከተኛበት ሆኖ ሰደበኝ። ሙላት ደግሞ ይህን ምስኪን በአንድ መቆንጠጫ ምክንያት ልታስባርረው ነው ወይ አለኝ። አንድ አይደለም፣ የሚፈልገው ዘጠኝ ነው አልኩት። ቁጥር ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ሲል ደሴ ትቶኝ ሮጠ። ከኋላ ላየው ሸሚዙ ብቻውን የሚሮጥ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረን ራሱ ነው። አድራሻችን አንድ ስለሆነ ፋይላችንም አንድ ላይ ነው። ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የእኛን ሦስት ፎቶ አየ። ቀና ብሎ ደሴን አየ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ሸሚዝ ሦስት መታወቂያ ሰጥቻለሁ፤ ደግሞ አራተኛ ስም ይዘህ መጣህ?» አለው። የበር ዘበኛው ተጠራ። ለጸሐፊው የሐበሻ መልክ ሁሉ አንድ ነው፤ ለእኔም የቢሮ ሰው ሁሉ አንድ ስለሚመስለኝ አልቀየምኩትም። ሸሚዙ ፎቶዎቹ ላይ ልክክ ብሏል። ሰውዬው ያየው ሦስት ስም ያወጣ አንድ አጭበርባሪ ነው።

ደሴ ላብ በላብ ሆነ። የሸሚዙ ባለቤት ሌላ ነው፣ በተራ ነው የምንለብሰው ብሎ ማለ። ጸሐፊው እስቲ እጅህን አንሳ አለው። አነሳ። እጅ የለም፤ እጅጌ ብቻ ነው የተነሳው። አንገትጌውን አየ፤ ሌላ አንድ አንገት ይጨምራል። ወደ ፎቶዎቹ ተመለሰ፣ ወደ ደሴ ተመለሰ፣ ከዚያ የሥራ ባልደረቦቹን ጠራና አብረው ሳቁ። እውነትም ይሄ ሸሚዝ የዚህ ሰው አይደለም ተባለ። አያችሁ? ዘጠኙን መቆንጠጫ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ሸሚዙ ልኩ ይሆን ነበር፤ ደሴም ይሄኔ ድንበር ማዶ ነበር። ይህን ለታደሰና ለሙላት በዝርዝር አስረድቻቸዋለሁ። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቁኝም።

ጸሐፊው ግን ይህን ሸሚዝ ለአራተኛ ጊዜ ፎቶ አላነሳም፣ የራስህን ልበስ አለ። የደሴ የራሱ ልብስ የታለ? ተራው ደርሶ፣ በደንቡ መሠረት ታጥቦ፣ ስሙ ከተጻፈበት ሚስማር ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ደሴ ይህንንም አስረዳ። ጸሐፊው «ኸላስ!» አለ፤ በቃኝ ማለቱ ነው። ዘበኛውን ሸሚዝህን አውልቅና ስጠው አለው። ዘበኛው እያጉረመረመ አወለቀና በካናቴራ ቁጭ አለ። ደሴ ትከሻው ላይ ምልክት ያለበትን የደንብ ልብስ ለብሶ ፎቶ ተነሳ። መታወቂያውን ይዞ መጣ።

በቀደም አራታችንም ለአጨዳ ወደ ገላባት በጭነት መኪና ስንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ የታደሰን መታወቂያ አየ፤ ውረድ አለው። ሙላትን ውረድ። እኔንም ውረድ። የደሴን ተቀበለ። ፎቶውን አየ። የፎቶውን ትከሻ አየ። ቀጥ ብሎ ቆመና መታወቂያውን በሁለት እጁ መለሰለት። «ተፈደል፣ ጀናቡ» አለው፤ እንካ ጌታዬ እንደማለት ነው፤ ጀናቡ የሚባለው መኮንን ነው። ደሴ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀበለው።

በነጭ ሸሚዝ ፎቶ የተነሳነው ሦስታችን ፀሐይ ላይ ተሰልፈን የአያት ስም ስንጠየቅ፣ ደሴ እላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል። መኪናው ሲነሳ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የዘበኛው ሸሚዝ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ለመሆኑ በምን ሳሙና ነው የሚያጥበው? ብዬ ጠየቅኩት።

«አያ፣» አለኝ፣ «ያ ልብስ ከተሰፋ ወዲህ ውሃ የነካው አይመስለኝም።»