የፊልሙ ዳቦ

(መርሳ። ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶታል፤ መብራት የለም፤ ወፍጮው ቆሟል። የወልድያው የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ዓሪፍ መውጫ አጥቶ ከአረጋዊው ገበሬ ከኡበይደላ ቤት ተጠግቷል። ግቢው ውስጥ ስልኩን ድንጋይ ካብ ላይ አስደግፎ ፊልም እየሠራ ነው። በመካከላቸው መሶብ ላይ አንዲት ዳቦ አለች፤ የዓሪፍ እራት ናት።)

ዓሪፍ፦ ኧረ አባባ ቀስ! ሰው እያለቀሰ እንዲህ ይጎርሳል?

ኡበይደላ፦ እኔ መቼ አለቀስኩ?

ዓሪፍ፦ ማልቀስ ነበረብዎታ! የሽማግሌና የወጣት ወዳጅነት ነው የምንሠራው። መንገዱ ሲከፈት አገር ሁሉ አይቶት ያነባል!

ኡበይደላ፦ አገሩስ ሲያነባ ነው የከረመው። ይልቅ ልጁ ዳቦ ሲሰጡት ለምንድን ነው «አልበላም» የሚለው? ሆዱን ያመዋል?

ዓሪፍ፦ ፍቅር ነዋ! እየራበው ለሽማግሌው ይተዋል። እዚህ ጋ ነው ተመልካቹ እንባው ዱብ የሚለው።

ኡበይደላ፦ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል አልሰማህም? እኩል ቢካፈሉስ?

ዓሪፍ፦ እኩል ከተካፈሉ ምኑን ፊልም ሆነ? እራት ሆነ እኮ! የፊልሙን ነገር ለእኔ ይተዉት። የእኔ ጀርባ፣ የአንቱ ፊት ወደ ስልኩ። ሳላቋርጥ እቀርጻለሁ፤ ኋላ ቆራርጬ እቀጥለዋለሁ። ከሰጠሁዎት ቃል ሌላ ትንፍሽ እንዳይሉ!

ኡበይደላ፦ አንድ ነገር ባይስ?

ዓሪፍ፦ መድፍ ቢያጓራ እንኳ! ጀመርን!

ኡበይደላ፦ (ቆርሶ) ልጄ፣ እንካ ብላ።

ዓሪፍ፦ (ድምፁን እያንቀጠቀጠ) አልበላም አባቴ! አንቱ ይጥገቡልኝ!

ኡበይደላ፦ ቢስሚላህ። (ትንሽ ጎርሶ እጁን ወደ ጋቢው ሥር ይመልሳል።)

ዓሪፍ፦ ቢስሚላህ አልተጻፈም! እንደገና!

ኡበይደላ፦ (ቆርሶ) ልጄ፣ እንካ ብላ።

ዓሪፍ፦ (ምራቁን ዋጥ አድርጎ) አልበላም አባቴ! አንቱ... ይጥገቡልኝ!

ኡበይደላ፦ (እያላመጠ ስልኩን ትክ ብሎ ያያል፤ ፈገግ ይላል።)

ዓሪፍ፦ ምን ያስቅዎታል? ሐዘን እኮ ነው! እንደገና!

(ይደግማሉ፤ አሁንም ይደግማሉ። መሶቡ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀረ።)

ዓሪፍ፦ (ሆዱ እየጮኸ) ማሻአላህ! አሁን ገና እንባዎ መጣ!

ኡበይደላ፦ ደረቅ ዳቦ አንቆኝ ነው።

ዓሪፍ፦ ይሁን፣ እንባ እንባ ነው! (ሮጦ ስልኩን ያነሳል።) ኧረ ጠፍቷል! ባትሪው አልቋል!

ኡበይደላ፦ አዎ፣ ገና በሁለተኛው ቁራሽ ጊዜ ነው የጨለመ።

ዓሪፍ፦ አይተው ዝም አሉ?

ኡበይደላ፦ «መድፍ ቢያጓራ ትንፍሽ እንዳይሉ» አላልከኝም? መድፉም አላጓራ፤ ስልክ ነው የጠፋው።

ዓሪፍ፦ (ካቡ ሥር ዝርፍጥ ብሎ) ወይኔ ፊልሜ! ወይኔ... እራቴ! ወላሂ፣ ከዚያች ዳቦ ሌላ የምቀምሰው የለኝም።

ኡበይደላ፦ (ከጋቢው ሥር እፍኝ ሙሉ ቁርስራሽ ያወጣል።) እንካ። አንተ «አልበላም» ባልክ ቁጥር ድርሻህን ሳስቀምጥልህ ነበር።

ዓሪፍ፦ (ከእጁ መንጭቆ ይጎርሳል፤ እንባው ዱብ ዱብ ይላል።) አባባ... ይህንን ነበር እኮ መቅረጽ!

ኡበይደላ፦ ብትቀርጸውማ «አልበላም» ብለህ ጦምህን ታድር ነበር።