ቆሞ የተገኘ በሽተኛ

በየሰፈሩ ከሐኪም ይበልጥ የሚፈራ ጠያቂ አለ። ሐኪም የሚመረምረው የመጣለትን ነው፤ ጠያቂ ግን ሳይጠሩት ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ ይመረምራል፣ ያዛልም። የዮፍታሄ ሰፈር በዚህ በኩል የታደለ ነው። ክብርት እትዬ እታፈራሁ አሉለት።

እትዬ እታፈራሁ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከጠያቂነት ግን ጡረታ አልወጡም። ከሰፈሩ ሰው አንዱ ቢያስል ሳሉን ሳይጨርስ ደጃፉ ላይ ይደርሳሉ። ዮፍታሄን ወገቡን የያዘው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ነበር። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። መሃል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ካርቶን ደርቦ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ እንዳጎነበሰም ቀረ። በባጃጅ፣ በየኮብልስቶኑ እየጮኸ ቤቱ ገባ። እትዬ ከሰዓት በኋላ ደረሱ።

"ወገብ ቀልድ አያውቅም!" አሉ ገና ከበሩ። "ተኛ! እንዳትነሳ!"

ሐኪም ቤት ግን ሌላ ተባለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሩሀማ ጀርባውን ነካክታ፣ እግሩን አንስታ አውርዳ፣ "አጥንትህ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጡንቻህ ነው" አለችው። "በየቀኑ በእግርህ ትሄዳለህ፤ ዛሬ አምስት ደቂቃ፣ ነገ ሰባት። አመመህ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። እግርህ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ና።"

"ልተኛ እንጂ?"

"ብዙ ከተኛህ ይደርቅብሃል። ከተንቀሳቀስክ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሥራ ትጀምራለህ ብዬ አስባለሁ።"

"ብዬ አስባለሁ" የምትለዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችው። የዮፍታሄ እንጀራ ከወለል ጋር የታሰረ ነው። ጎንበስ ብሎ የሚበላ ሰው ጎንበስ ማለት ካቃተው ምን ይውጠዋል? ሲቀመጥ ይቆረጥመዋል፣ ሲቆም ይቆረጥመዋል፣ ሲተኛ ደግሞ ሐሳቡ ይነሳበታል።

ችግሩ ደግሞ በእኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው ተኝቶ ነው። ሙዝና ጁስ ተሸክሞ ለመጣ ጠያቂ በሽተኛው ቆሞ መገኘት ስድብ ነው። "ይሄ ደግሞ ምኑን ታመመ?" ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ዮፍታሄ ጠዋት ጠዋት እንደ ሌባ ተደብቆ ከሰፈሩ ግርጌ ወዳለው ሐይቅ ዳር ይሄዳል፣ ጠያቂ ሲመጣ ሮጦ ይተኛል። ሩጫው ከእግር ጉዞው ይልቅ ይጎዳው ነበር።

አንድ ጠዋት ከጉዞው ሲመለስ የእትዬን ድምፅ በር ላይ ሰማና ከነስኒከሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ። እትዬ በብርድ ልብሱ ላይ እግሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"ምንድነው እንዲህ የጠጠረው?"

"ብርድ ነው፣ እትዬ።"

"ወገብ ሲጎዳ እግር ይደርቃል፣ ብያችሁ አልነበር?" አሉ፣ ተከትለዋቸው ወደ መጡት ሴቶች በድል አድራጊነት ዞረው።

በማግስቱ ፍራሹን አስነስተው ከጓሮ የተጣለ የእንጨት በር አስገቡለት፤ "ወገብ ጠንካራ ነገር ይወዳል" ብለው። እጀታውን የነቀለለት ሰው ግን አልነበረም። በሳምንቱ ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ በኩል ወጌሻ ይዘው መጡ። ዮፍታሄ ወገቡን ማንም እንዳይጎትትበት በጥብቅ ተነግሮታልና "ጸሎት ላይ ነኝ" አለ። እትዬ እታፈራሁ የሰው ጸሎት አያቋርጡም፤ ወጌሻው ታክቶት እስኪሄድ ድረስ ከበሩ ውጭ ጠበቁ። ዮፍታሄ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጸለየ፤ መጨረሻው ላይማ ከልቡ ነበር።

"ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?" አለችው ባለቤቱ ሐዳሳ።

"አንቺ ንገሪያቸው።"

ሐዳሳ ድስቱን ልታማስል ወደ ማድቤት ገባች።

በአራተኛው ሳምንት ሐይቁ ዳር፣ እጆቹን እያወናጨፈ ሲራመድ ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እትዬ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም፤ በሠልስቱም አልመጡም። ዮፍታሄ አንድ ወር ሙሉ ሲሸሸው የነበረውን የበር ኳኳታ ሲያዳምጥ ራሱን አገኘውና አፈረ። የሐኪም ቀጠሮው ሲደርስ ሩሀማ አምስት ኪሎ የሚሆን ሣጥን እያስነሳችው ሳቀች።

"የሰፈርህ እናት መጥተው ጮኹብኝ። 'የታመመ ልጅ ሜዳ ለሜዳ ታስዞሪያለሽ!' ብለው። ሁሉን አስረዳኋቸው።" ከዚያ ሳቋ ቀነሰ። "ሲሄዱ ግን ከወንበሩ የተነሱት በሦስተኛው ሙከራ ነው። አንተ ብትጠይቃቸው ጥሩ ነው።"

ዮፍታሄ ወደ ቤቱ ሲመለስ አሰበ። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው አልጋውን ተመርኩዘው ነበር። እሱ ግን የአስተማሪነት ክብር መስሎት ኖሯል። ሙዝ ገዛና ቤቱን አልፎ በሦስተኛው፣ በእትዬ በር ላይ ቆመ።

እትዬ ሳፋ ላይ አጎንብሰው ልብስ ያጥባሉ። ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ግድግዳውን ያዙ።

"ሐዳሳ ምን ሆነች?" አሉ ሙዙን አይተው።

"ደህና ናት። እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"እኔን? እኔ ምን ሆንኩ?"

"ወገብዎን።"

እትዬ እታፈራሁ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ፣ መልሰው አራሱት።

"ከታመምኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄ።"

"አሥራ አንድ ዓመት! ማንም ሳይጠይቅዎ?"

"መቼ ተኝቼ ያገኘኝ ሰው አለ?" አሉ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፣ አልሆነላቸውም።

ዮፍታሄ ሙዙን አስቀመጠና ግማሽ የሞላውን የልብስ ሳፋ አየው። ሩሀማ እንዳሳየችው ጉልበቱን አጠፈ፣ ሳፋውን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

"ተው! ተው ብዬሃለሁ!" እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አነሳው። ወገቡ ዝም አለ። ሳፋውን እስከ ማስጫው ገመድ ተሸክሞ ሄደ፣ አስቀመጠው፣ ቀጥ ብሎም ቆመ። እትዬ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

"ልብሱን እኔ አሰጣለሁ፣ እትዬ" አላቸው። "እርስዎ ጫማ ያድርጉ። ለዛሬ አምስት ደቂቃ ይበቃናል።"

ክብርት እትዬ እታፈራሁ ጫማቸውን ሊያመጡ ገቡ።